ፀጉሬን ማን ይቁረጥልኝ?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዘንድሮው ጉድ ግን መስከረምን አልጠበቀም፤ ግንቦት ላይ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔው በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ነጭ ሰሌዳ ላይ በሐምራዊ ቀለም «ለሴቶች ብቻ» ይላል። ከሰሌዳው ሥር ገርበብ ያለ በር፣ ከበሩ ጀርባ ወፍራም መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ።

ያ በር የኔ በር ነበር። ኪራይ ከፍዬበት አላውቅም፤ ግን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየገባሁ የተቆረጥኩበት የወንዶች ፀጉር ቤት ነው። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ዕጣው የወጣልኝ ጊዜ «እንኳን ደስ አለዎት» ሲሉኝ የነበሩት ሁሉ ስለ ጉልበቴ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ፀጉር ቤት ምድር ቤት ሲገኝ ገነት ጎረቤት ሆነች ማለት ነው፤ ተደግፌ እወርዳለሁ፣ እቆረጣለሁ፣ ሁለት ጊዜ አርፌ እወጣለሁ። አሁን ግን ለመቆረጥ አስፋልቱን ተሻግሬ፣ የታክሲ ሰልፍ ይዤ፣ ሁለት ፌርማታ መሄድ አለብኝ። ለዚያውም ወደሚጮህ ሙዚቃ።

ምን ፀጉር አለዎትና ነው ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም ይህንኑ ትላለች። መሐሉ ከተመለጠ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አልክድም። ዳር ዳሩ ግን አለ፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ሲያድግ ሰው አያስመስልም። እንዲያውም ፀጉር ቆራጭ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለራሰ በራ ነው። ሙሉ ፀጉር ያለው ቢያሳድገው ጎፈሬ ይባልለታል። እኔ ባሳድገው ክዳኗን ንፋስ የወሰደባት ጎጆ ነው የምመስለው።

ከምድር ቤቱ ፀጉር ቤት በፊት ሰውነቴ እዚህ ይኑር እንጂ ጭንቅላቴ የፒያሳ ነበር። ከሲኒማ ኢትዮጵያ ወረድ ብሎ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ በስሙኒ ጀምሬ በብዙ ብር እስክጨርስ የሌላ ሰው እጅ ጭንቅላቴን ነክቶት አያውቅም። እሳቸው ሲያልፉ ልጃቸው ያንኑ መቀስ ወረሰ። እዚያ ቤት ፀጉር መቆረጥ ሰበብ ነበር። ዋናው ጉዳይ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ ማን ታሰረ የሚለው ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ ማታ ምላጭ ይጠረግበታል። እኔ የደርግን መምጣት የሰማሁት ግማሽ ጭንቅላቴ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ነው፤ ጋሼ መቀሱን አስቀምጠው ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉ፣ እኔም እንደዚያው በከፊል ተስተካክዬ ቤቴ ገባሁ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ያ ሱቅም አብሮ ሄደ። ልጅየው አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ደህና መቀስ ነበር።

ኮንዶሚኒየሙ ሥር የተተካው ልጅ የዋህ ነበር። ፌድ የሚሉትን አቆራረጥ እኔም ላይ ሊሞክር ይፈልጋል፤ ጆሮው ላይ ስልክ ለጥፎ በአንድ እጁ ቶንዶሱን እየነዳ ከፍቅረኛው ጋር ይጣላል። የእሷን ንዴት በጆሮ ግንዴ ላይ ተወጥቷል። ቢሆንም ያው ምድር ቤት ነው። ኪራይ ሲጨመርበት ወንበሩንና መስታወቱን በሚኒባስ ጭኖ ሄደ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀለም ሲቀባ፣ ሴራሚክ ሲነጠፍ ሰነበተ። እኔ ሞኙ ለእኔ የሚታደስ መስሎኝ በወረድኩ ቁጥር «በርቱ ልጆቼ» እል ነበር።

እንግዲህ የተከፈተ ዕለት ምን አደረግኩ? ሰሌዳውን አነበብኩት፤ ማንበብስ አነበብኩት። ግን ሰው ለገበያ ብዙ ነገር ይጽፋል ብዬ መጋረጃውን በከዘራዬ ገለጥ አደረግኩ። እንዲህ ያለ ጩኸት የሰማሁት እህል ውስጥ እባብ የተገኘ ጊዜ ነው። አንዷ ፎጣ ወረወረች፤ ሌላዋ ከካስኩ ሥር ራሷን ልታወጣ ስትታገል ካስኩን አብራ ልትነቅለው ነበር። በእግዚአብሔር ስም፣ ያየሁት ቢጎዲንና እንፋሎት ብቻ ነው። ባለ ሱቋ ወጣች፤ ሠላሳ ቢሆናት ነው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሴቶች ብቻ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ሹሩባ ልሠራ አልመጣሁም፤ እቺን ዳር ዳሯን ነው።»

«ሰሌዳው ላይ ተጽፏል እኮ አባባ።»

«ማንበብ አላቃተኝም። ሠላሳ ሰባት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ያቃተኝ ማመን ነው!»

ብዬ ወጣሁ። አወጣጤ የኩራት ነበር፤ ደረጃው ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኩራቴን ተቀብሎ አስቀመጠኝ።

ቤት ስገባ የልጅ ልጄ ስድስት ኪሎ ሕግ ትማራለችና መጽሐፍ ዘርግታ ተቀምጣለች። በእኛ ጊዜ «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ይባል ነበር። ማጀት የተባለችው ሴት በ2011 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆነች፤ የልጅ ልጄም ለተግባር ልምምድ ችሎት ትመላለሳለች፤ እኔ ደግሞ ባለቤቴ ወገቧን ካመማት ወዲህ ማጀት ሽንኩርት እልጣለሁ። ተረቱ ቦታ ተለዋወጠ እንጂ አልተሻረም። «ክሰሽልኝ» አልኳት። «ሕገ መንግሥት አለ አይደለም ወይ? አንቀጽ 25ን አምጪው!»

አመጣችው። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፤ በዘር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በሀብት ልዩነት አይደረግም ይላል። «ይኸው! ፆታ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። እሷ ግን ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ጎበዝ ተማሪ ቤት ውስጥ ካለ ሰላም የለም። «አባባ፣ ይሄ አንቀጽ ሕጉ ራሱ በሰዎች መካከል እንዳያዳላ ነው የሚለው። የአንዲት ፀጉር ቤት በር ድረስ ይወርዳል አይወርድም የሚለው ያከራክራል። ደግሞ አንቀጽ 35 አለ» ብላ ገጽ ገለጠች። (ድሮ ልጅ ለአያቱ «አንቱ» ይል ነበር፤ ይቺ «አንተ» ነው የምትለኝ። እሱን ይግባኝ ከጠየቅኩበት ቆይቷል፤ አልተፈረደልኝም።)

አንቀጽ 35 ሴቶች በበታችነትና በልዩነት ሲታዩ በመኖራቸው የደረሰባቸው «የታሪክ ቅርስ» እንዲታረምላቸው ተጨማሪ ድጋፍ ይደረግላቸዋል ይላል። ቅርስ! እኔ ቅርስ ሲባል የማውቀው ላሊበላን ነው፣ አክሱምን ነው፣ የፋሲል ግንብን ነው። ቅርስ ይጠበቃል፣ ይታደሳል፣ ጎብኚ ይመጣበታል። እዚህ ላይ ግን ቅርስ የሚታረም ነገር ሆኖ አገኘሁት። «ታዲያ ቅርሱ እኔ ነኝ?» አልኳት። «በከፊል» አለችኝ፤ ሳቋን ለመደበቅ እንኳን አልሞከረችም።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም አለ፤ ቁጥሩ 813/2006 ነው። ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ አለበት፤ ከስድብ፣ ከዛቻ፣ ከማንጓጠጥ ይጠበቃል። ይሄ ይሻላል ብዬ ተነሳሁ። «ሰድባሃለች?» አለችኝ። «አልሰደበችኝም።» «ዝታብሃለች?» «ይቅርታ ነው የጠየቀችኝ።» «ታዲያ ማንን ነው የምንከሰው? መጋረጃውን በከዘራ የገለጠው ማን ነበር?» ይሄን ጊዜ ነው ለልጅ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ መርዳት ምን እንደሚያስከትል የገባኝ።

ይሁን እንጂ ለእኔ አዝና ስልኳን ስትጎረጉር አንድ ወገን አገኘችልኝ። አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ደሴት፣ ሆባርት ከተማ፣ ሞና የሚባል ሙዚየም አለ። አንዲት ሠዓሊ እዚያ ውስጥ የሴቶች ሳሎን አዘጋጀች፤ ሴቶቹ ገብተው ሻምፓኝ ይጠጡ ነበር፣ ዙሪያቸውን ውድ ሥዕል ተሰቅሏል፣ ጎንበስ ቀና የሚሉላቸው ወንዶች አሳላፊዎች ነበሩ፤ ሌላ ወንድ አይገባም ነበር። አንድ ሰውዬ 35 የአውስትራሊያ ዶላር ከፍሎ ሙዚየሙን ሊጎበኝ ሄደና በዚያች በር ላይ ተመለሰ። እንደ እኔ ደረጃ ወጥቶ አልተቀመጠም፤ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ተፈረደለት፤ ወንድም ይግባ ተባለ። «እሰይ!» አልኩ። «ይህን ሰው አድራሻውን አግኚልኝ፤ ማር እልክለታለሁ።»

«ቆይ አባባ፣ አላለቀም» አለች። ሠዓሊዋ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የፒካሶ ሥራዎች የተባሉትን ሥዕሎች አውርዳ የሴቶች ሽንት ቤት ውስጥ ሰቀለቻቸው። ወንድ እንዳይገባበት ማን ይከራከራል? ሐምሌ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ፤ ፒካሶ የተባሉትን የሣለቻቸው ራሷ ሠዓሊዋ ነበረች! እንግዲህ ፍረዱ፤ ሰውየው ሥዕል ለማየት ከፈለ፣ አላየም፣ ያላየው ሥዕል ደግሞ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ተጎዳ ነው የሚባለው ወይስ ተረፈ? መስከረም ላይ የታዝማኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የበፊቱን ውሳኔ ሻረው። የእነሱም ሕግ እንደ አንቀጽ 35 ያለ ነገር አለው፤ ወደ ኋላ የቀረን ወገን እኩል ለማድረግ የሚደረግ ልዩነት ይፈቀዳል። ከሁሉ የገረመኝ የሙዚየሙ ክርክር ነው፦ ወንዱ በር ላይ መመለሱ፣ መናደዱ፣ ማጉረምረሙ ራሱ የሥነ ጥበቡ አካል ነው አሉ። ለካ እኔ ያን ቀን በሩ ላይ ከነከዘራዬ ቆሜ ሥዕል ነበርኩ። ማንም ግን 35 ዶላር አልከፈለብኝም።

ይህን ሁሉ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆና ትሰማለች። ሴት ዝም ስትል መፍራት ነው። ብቅ አለችና «አንቱ» አለችኝ። አምሳ አንድ ዓመት በትዳር «አንቱ» የምትለኝ አክብራኝ ነው፤ ጠበቅ ስታደርገው ግን «አንቱ» ከጥፊ ይብሳል። «አንቱ፣ ያ ሰባራ ባቡር አጠገብ የነበረው ጠጅ ቤት፣ በስንት ሰዓት ነበር የሚገቡት? በስንት ሰዓትስ ነበር የሚወጡት?»

«እሱና ይሄ ምን አገናኘው?»

«አንድ ቀን ይዘውኝ ሄደው ያውቃሉ?»

«ማን ከለከለሽ? ‹ለወንዶች ብቻ› የሚል ሰሌዳ አልነበረበትም!»

«ሰሌዳ የሚያስፈልገው በር አልነበረማ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ልዋሻችሁ አልችልም። ሰሌዳ አልነበረውም፤ ነገር ግን ብርሌ ጨብጬ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ ለመጠጣት የገባች ባለትዳር ሴት አላየሁም። ብትገባ ኖሮ እኛ አንናገራትም፤ ዝም እንላለን። ያ ዝምታ ግን ከመጋረጃ ይወፍራል። ሴቶች በቤቱ አልጠፉም፤ ጠጁን የጣሉት ሴቶች፣ ጌሾውን የለቀሙት ሴቶች፣ ብርሌውን የሚሞሉት ሴቶች፣ የቤቱ ባለቤት ራሷ ሴት። ከረምቡላ ቤቱም ያው ነበር። ያ የፒያሳ ፀጉር ቤታችንም ቢሆን... ጋሼ የሴት ልጅ ፀጉር ቆርጠው ያውቃሉ? አንዲት እናት የታመመ ልጇን አስላጭታ ወስዳለች፤ እሱም ወንድ ነበር። እሺ፣ ይሄን ለባለቤቴ አትንገሩብኝ።

የልጅ ልጄ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ትወዳለች። ኒው ዮርክ ከተማ ማክሶርሊስ የሚባል መጠጥ ቤት አለ፤ 1854 እ.ኤ.አ. ተከፈትኩ የሚል ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሴት አላስገባም፤ ቢራ አለ፣ ጥሬ ሽንኩርት አለ፣ ሴት የለም ብሎ በአደባባይ ይኮራ ነበር። (ሽንኩርቱ ምን እንዳደረገ አልገባኝም፤ ግን እኔም ሽንኩርት ልጬ ነው የምናገረው።) ሁለት ሴቶች ገብተው አልታዘዝ ሲላቸው ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በሩ ተከፈተ። ለሴቶች የሚሆን ሽንት ቤት የተሠራው ግን ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ሕግ በር ይከፍታል፣ ቧንቧ ግን አይዘረጋም። ይበልጥ የሚገርመው እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት የነበረችው ሴት መሆኗ ነው፤ ለአባቷ ቃል ገብታ ስለነበር ሰው እያለ ወደ ገዛ ቤቷ አትገባም፤ እሑድ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነበር የምትመጣው። ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ ከውስጥ ሆና «አይ፣ የታደለች! እሑድ እንኳን ትገባለች» አለች።

በዚህ ጊዜ እኔ ወደ ገዳም ሸሸሁ። ክርክር ሲጠነክር ወደ ገዳም መሸሽ የአባቶቻችን ወግ ነው። «ደብረ ዳሞስ?» አልኩ። አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት፣ ትግራይ ውስጥ ገደል አናት ላይ ያለ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ። ሴት አትወጣም። ሴት ብቻ አይደለችም፤ ላም አትወጣም፣ ዶሮ አትወጣም፤ እንስት የተባለች ሁሉ ከሥር ትቀራለች። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤልም ሴት አያስገባም። ማን ከሰሰ? ማንም። ይህን ስል ያሸነፍኩ መሰለኝ። የልጅ ልጄ ግን ገና ሳልጨርስ «አባባ፣ የማን ጠበቃ ነህ? አንዱን ወገን ብቻ ማስገባት ይቻላል እያልክ ነው እኮ» አለችኝ። ቆሜ አሰብኩት። በገዛ ገመዴ ነበር የተንጠለጠልኩት፤ ደብረ ዳሞ ላይም አልደረስኩ። «ደብረ ዳሞ ፀጉር አይቆርጥም፤ ንግድ ፈቃድም የለውም!» ብዬ ወረድኩ።

በነገራችን ላይ አገሩን ብታዩት ፆታ ያልተጻፈበት ቦታ የለም። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቡ፤ «አስተናጋጅ፣ ፆታ ሴት»፣ «ጥበቃ፣ ፆታ ወንድ»። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ በፆታ ማዳላትን ከልክሏል ትላለች ልጅቷ፤ ምሰሶው አልሰማም። ጭፈራ ቤት «ለሴቶች መግቢያ ነፃ» ይላል፤ ያን ሲያነብ አልቅሶ የከሰሰ ወንድ አላየሁም፤ በነፃ የገቡትን ለማየት ነው የሚከፍለው። የሚከራይ ቤት «ለሴት ብቻ» ይላል፤ አከራዩን ብትጠይቁት ወንደላጤ ውሃ ያባክናል፣ ጓደኛ ያመጣል ይላችኋል፤ እውነቱን ነው፣ እኔም ወንደላጤ ነበርኩ። እናት ባንክ የሚባል ሴቶች የመሠረቱት ባንክ አለ፤ እሱ ግን የወንድንም ብር ይቀበላል። ብር ፆታ የለውማ። እድራችንስ ቢሆን? የወንዶቹ እድር ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ፤ የሴቶቹን እድር ሰብሳቢ አታውቋትም? አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ከእኔ ጋር።

በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሬ ጆሮዬን ሲሸፍነው አንድ መላ መጣልኝ። እኛም «ለወንዶች ብቻ» እንክፈት! የሰፈሩን ጡረተኞች ሰበሰብኩ፤ ስድስት ሆንን። ወንበር ይኖራል፣ ጋዜጣ ይኖራል፣ ዳማ ይኖራል፣ ጠጅ ይኖራል። ሐሳቡን ሁሉም አጨበጨበለት። ከዚያ ጠጁን ማን ይጥላል የሚለው ተነሳ። ዝም አልን። አንዱ ወዳጄ «የኔ ባለቤት ትጥላለች፣ ግን ካመጣችው ትገባለች፤ ከገባች አትወጣም» አለ። ፀጉርስ ማን ይቆርጣል? ከስድስታችን እጁ የማይንቀጠቀጥ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም ዓይኑ ሞራ አለበት። ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ።

ከዚያ ስመለስ ደረጃው ላይ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችንን አገኘኋት። ሂጃብ ትለብሳለች፤ እኛ ለፋሲካ ድፎ ዳቦ እንሰዳለን፣ እነሱ ለኢድ ይሰዱልናል፤ አሥር ዓመት ሙሉ ደግ ጎረቤት ናት። ታዝንልኛለች ብዬ በደሌን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት፤ አንቀጽ 25ን ጨምሬ። ዘንቢሏን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«አባባ» አለች፣ «እኔ ፀጉር ቤት ገብቼ የተሠራሁት ልጅ እያለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ እህቴ ናት የምትሠራኝ፤ እሷም አግብታ ደሴ ሄደች። ሌላው ፀጉር ቤት ሁሉ ወንድ ይገባል፤ ባል ሚስቱን ሊጠብቅ ይገባል፣ መብራት ሠራተኛ ይገባል፣ ዕቃ አመላላሽ ይገባል። እዚህ መጋረጃ አለ ብዬ ነው ደስ ብሎኝ የገባሁት። በመጀመሪያው ቀን ግን...»

«በመጀመሪያው ቀን ምን ሆነ?»

«ከዘራ ገባ። ከካስኩ ሥር የነበርኩት እኔ ነበርኩ።»

ዘንቢሏን አንስቼ ሦስተኛ ፎቅ አደረስኩላት። ከእኔ ጉልበት ጋር ይሄ ቀላል ይቅርታ አይደለም።

በማግስቱ ባለ ሱቋ በር ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋትና፣ ከዘራዬን ከኋላዬ ደብቄ፣ ይህን ሐሳብ ከየት አመጣሽው አልኳት። ከሪያድ ነው። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። እመቤቷ ወደ ሴቶች ሳሎን ስትሄድ ልጅ ታቅፋ ትከተላት ነበር፤ እዚያ ተቀምጣ ፒያስትራውንም፣ ቀለሙንም፣ ጥፍሩንም በዓይኗ ተማረች። እዚያ የሴቶች ሳሎን በር ወንድ አያልፈውም ነበር፤ የወንዶቹንም ሴት አታልፈውም ነበር። ምግብ ቤቱ እንኳን ሁለት በር ነበረው፤ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለብቸኛ ወንዶች። የምግብ ቤቱን ግዴታ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ማብቂያ ላይ አንስተውታል።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «አየሽ ልጄ! ሪያድ ያወረደችውን ሰሌዳ አዲስ አበባ ትሰቅላለች?»

«አባባ፣ እዚያ ያዘዘው መንግሥት ነው። እዚህ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ኪራዩንም የምከፍለው እኔ ነኝ። ካልበላኝ አወርደዋለሁ።» ትንሽ ዝም አለችና ደግሞ «ስመጣ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ወንድም ሴትም በሚሠራበት ቤት ነበር። ‹ማታ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ› የሚለኝ ሰው ብዛት፣ ከፀጉራቸው ይልቅ እሱን ስቆርጥ ነበር የምውለው» አለች።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። መልስ ሲያጥረኝ የማደርገውን አደረግኩ፤ ስለ ጉልበቴ አወራኋት። ስለ አራተኛው ፎቅ። ስለ ፒያሳው ጋሼ መቀስ። እሷም ጭንቅላቴን ዞር ብላ ስታየው ቆይታ፣ «ቅዳሜ ማለዳ፣ ሥራ ሳልጀምር፣ እደጅ ወንበር አወጣልዎታለሁ። ውስጥ አይገቡም። ግን እቆርጥዎታለሁ» አለችኝ። ስንት ነው አልኳት፤ ነገረችኝ። የጡረተኛ ቅናሽ የለም ወይ አልኳት። ቅናሽ ያለው ረቡዕ ለሙሽሮች ነው አለች።

ቅዳሜ ማለዳ ወረድኩ። ፕላስቲክ ወንበር በሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጽጌረዳ የተጠለፈበት ጨርቅ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ፤ ነጭ አልነበራትም። ቶንዶስ ከየት እንዳመጣች አልጠየቅኩም። እጇ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ከጋሼ ወዲህ እንደዚያ ያለ እጅ አላገኘሁም፤ ጆሮ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን እንኳን ይይዛል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ማን ተሾመ ልላት ነበር፣ ተውኩት።

ለካ ቅዳሜ ሠርግ አለ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደንበኞቿ መድረስ ጀመሩ። በሩ ላይ እኔ ስላለሁ መግባት አልቻሉም፤ በዙሪያዬ ቆሙ። አራት ሆኑ፣ ስድስት ሆኑ። የአንዷ ሚዜ እናት «ከኋላ ሳስቷል፣ ዝቅ አድርጊው» አለች። አንዷ ሙሽራ የመሰለችኝ «ቀለም ብታደርጊለት ሃያ ዓመት ይቀንስ ነበር» አለች። የሁለተኛ ፎቋ ከመስኮት አንገቷን አውጥታ «ኧረ ጆሮው ውስጥ ያለውንም!» አለች። አንዲት ልጅ ስልኳን አወጣች። ከላይ፣ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ፣ የማውቀው ሳቅ ሰማሁ፤ ባለቤቴ ቡና ይዛ ወጥታ ተደግፋለች፣ አጠገቧ የሕግ ተማሪዋ።

ጽጌረዳውን እስከ አገጬ ሳብኩት። አልሸፈነኝም።

«ልጄ» አልኩ በቀስታ፣ «ያቺን መጋረጃ ለአምስት ደቂቃ ነቅለሽ እዚህ ብታንጠለጥያት ምን ይልሻል?»

ቶንዶሱን አጠፋችው። ወደ በሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች።

«አባባ» አለች፣ «መጋረጃው ለሴቶች ብቻ ነው።»